«አዞረኝ» ስለሚባለው ነገር

አማርኛ ቋንቋችን በወደደው ነገር ላይ ቃል አይቸግረውም። ለፈረስ መልክ ብቻ ዳማ፣ መጋላ፣ ጉራች፣ ቦራ፣ አምባላይ እያለ ሲዘረዝር የሚሰማ እንግዳ ይህ ሕዝብ ፈረስ ላይ ተወልዶ ፈረስ ላይ ያረጀ ይመስለዋል። ወደ ሕመም ስንመጣ ግን ያው ቋንቋ በድንገት ቆጣቢ ይሆናል። ቁርስ ሳይቀምስ ከአልጋው ብድግ ብሎ ዓይኑ የጨለመበትም፣ በደም ማነስ የዛለውም፣ ከፎቅ ላይ ቁልቁል አይቶ የፈራውም፣ ክፍሉ ከነጣራው እንደ ወፍጮ የሚሽከረከርበትም፣ ሲራመድ መሬቱ እንደ ፍራሽ የሚሰምጥበትም ሁሉም በአንድ ቃል «አዞረኝ» ይላል። እርግጥ «ጭው አለብኝ»፣ «ብዥ አለብኝ»፣ «ተንገዳገድሁ» የሚሉም አሉ፤ ሐኪም ፊት በቀረቡ ጊዜ ግን እነዚህም ሁሉ ተጠቅልለው «አዞረኝ» ውስጥ ይገባሉ። አንድ ቃል ይዞ የሄደ ሰውም ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት ኪኒን ይዞ ይመለሳል።

የአርትስ ፋኩልቲ ተማሪ በጆሮና በሚዛን ጉዳይ ምን ጥልቅ አደረገው የሚል አንባቢ እንደማይጠፋ እናውቃለን፤ በተለይም ከወደ ሕክምና ፋኩልቲ። መልሳችን ሁለት ነው። አንደኛ፣ የነገሩ ግማሽ የቃል ጉዳይ ነው፤ ቃል ደግሞ የእኛ እርሻ ነው። ሁለተኛ፣ ባለፈው ዓመት አንድ የመኝታ ክፍል ጓደኛችን በዚሁ ቃል ሳቢያ ትምህርቱን አቋርጦ ወደ አገር ቤት ሊመለስ ሻንጣውን እስከ መሸከፍ ደርሶ ስለነበረ ነው። እርሱ እንዲጻፍ ፈቅዷል፤ ስሙን ግን አንጠራም።

ይህ ልጅ በክፍላችን ካለነው ስምንት ሰዎች ሁሉ ጤነኛው ነበረ። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ኳስ በግንባሩ ሊገጭ ዘልሎ ከተቃራኒው ተጫዋች ጋራ ራስ ለራስ ተጋጨ። ወዲያው ተነሥቶ ጨዋታውን ጨረሰ፤ እብጠቱም በማግሥቱ ሟሸሸ። በሦስተኛው ሌሊት ግን ከተደራራቢው አልጋ በላይኛው ላይ ተኝቶ ሳለ ወደ ቀኝ ሲገላበጥ ድንገት ጮኸ። የአልጋውን ብረት በሁለት እጁ ጨብጦ «ያዙኝ! አልጋው ተገለበጠ!» ይላል። መብራት አብርተን ብናይ አልጋው እንደ ወትሮው ቆሟል። ግማሽ ደቂቃ ያህል ቆይቶ ነገሩ ተወው፤ እርሱ ግን በላብ ተጠምቆ፣ ግድግዳ ተደግፎ፣ እስኪነጋ ተቀምጦ አደረ።

በማግሥቱ የመኝታ ክፍሉ ሁሉ ሐኪም ሆነ። አንዱ ደም ማነስ ነው ብሎ ቀይ ሥር አዘዘለት። ሌላው ጨጓራ ነው አለ። ሦስተኛው ምች ነውና ዳማ ከሴ ታሽቶ ይሽተት ብሎ ፈረደ። አራተኛው የካፌውን ሽሮ ከሰሰ፤ (በዚህ ግቢ ሽሮው ያልተከሰሰበት ወንጀል የለም)። ትምህርት በዝቶበት ነው ያለም ነበረ፤ ይህን ግን ልጁን በቅርብ የምናውቀው ሁሉ በአንድ ድምፅ ውድቅ አደረግነው። ጠበል ይሂድ የሚሉትም በቅን ልቡና ነበረ። ራሱ ታማሚው ደግሞ ሌሊት ሌሊት በእጅ ስልኩ ሲመራመር የአንጎል ዕጢ ላይ ደረሰና እንቅልፍ ፈጽሞ ተወው።

ወደ አንድ ክሊኒክ ሄደ። ምን ሆነህ ሲሉት «አዞረኝ» አለ። ደሙ ተመረመረ፣ ግፊቱ ተለካ፣ ሁሉም ደኅና ነው ተባለ፤ ለማዞር የሚሆን ኪኒን ተሰጥቶት ዐርፎ እንዲተኛ ተመከረ። ኪኒኑ ቀን ቀን በክፍል ውስጥ አስተኛው እንጂ ሌሊት ሲገላበጥ አልጋውን ከመገልበጥ አላዳነውም። ሦስት ሳምንት እንዲህ አለፈ። ትራስ ደራርቦ ተቀምጦ መተኛት ጀመረ። አንገቱን ጀሶ እንደ ታሰረለት ሰው አቅንቶ፣ የሚጠራው ሲኖር በሙሉ ሰውነቱ እየዞረ ይሄድ ነበር። በኬኔዲ ቤተ መጻሕፍት ከላይኛው መደርደሪያ መጽሐፍ ሊያወርድ ቀና ባለ ጊዜ መደርደሪያው በላዩ የሚፈርስ መስሎት መሬት ላይ ተቀመጠ፤ ከዚያ ወዲያም ቤተ መጻሕፍቱን ተወ። ፈተና ሁለት ሳምንት ሲቀረው ወንድሙ መጥቶ እንዲወስደው ደወለ።

እንግዲህ ታሪኩን እዚህ ላይ አቁመን ስለ ጆሮ ጥቂት መናገር ግድ ነው፤ አለዚያ የቀረው ነገር አስማት ይመስላል።

በሁለቱም ጆሮዎቻችን ውስጥ፣ ከመስሚያው ክፍል አጠገብ፣ ሚዛን የሚጠብቅ ሌላ ክፍል አለ። በውስጡም ሦስት ቀጫጭን ቦዮች እንደ ቀለበት ቀስት ተጣጥፈው፣ የአንድ ቤት ወለልና ሁለት ግድግዳ በማዕዘን ላይ እንደሚገናኙ፣ በሦስት አቅጣጫ ቆመዋል። ቦዮቹ ፈሳሽ የመላባቸው ናቸው። አውቶቡስ ድንገት ሲነሣ የቆመው ተሳፋሪ ወደ ኋላ እንደሚያዘነብል፣ ራሳችንን ስናዞር ፈሳሹ ለጥቂት ጊዜ ወደ ኋላ ይቀርና በየቦዩ ሥር ያለችውን ስስ መጋረጃ ይገፋል። ከመጋረጃዋ ሥር ያሉት ፀጉር አከል ሕዋሳት ወሬውን ለአንጎል ያደርሳሉ፤ አንጎልም በዚያው ቅጽበት ዓይንን ወደ ተቃራኒው ያዞረዋል። እየተራመድን የሱቅ ስም ማንበብ የምንችለው በዚህ ምክንያት ነው። የሁለቱ ጆሮዎች ወሬ የተስማማ እስከ ሆነ ድረስ ይህ ሁሉ ሥራ እንዳለ እንኳ አናውቅም።

ከቦዮቹ አጠገብ ደግሞ ሙጫ በመሰለ ነገር ላይ የተነጠፉ እጅግ የደቀቁ ጠጠሮች አሉ። ባሕርያቸው ከእንቁላል ቅርፊትና ከእብነ በረድ ጋራ አንድ ነው፤ ካልሲየም ካርቦኔት ነው። በክብደታቸው ላይና ታች የቱ እንደሆነ ያስታውቃሉ። ራስ ሲመታ፣ ወይም ዕድሜ ሲገፋ፣ ወይም እንዲያው ያለ ምክንያት፣ ከእነዚህ ጠጠሮች ጥቂቱ ከቦታቸው ተላቅቀው ወደ አንዱ ቦይ ይገባሉ፤ ብዙውን ጊዜም ወደ ኋለኛው ቦይ ነው። እዚያ ማንም አልጠራቸውም። ሰውየው ሲጋደም፣ ሲገላበጥ ወይም ቀና ሲል ጠጠሮቹ በቦዩ ውስጥ ቁልቁል ይንከባለሉና ፈሳሹን ይጎትታሉ። ያ ጆሮ «እየተሽከረከርን ነው!» ብሎ ይጮኻል፤ ሌላው ጆሮ «አይደለም» ይላል፤ ዓይን የጮኸውን ጆሮ ተከትሎ ይዘላል። ጠጠሩ ሲረጋ ጩኸቱ ያበቃል። ይህም ከአንድ ደቂቃ ያነሰ ጊዜ ነው። ሐኪሞች ስሙን አስረዝመውታል፤ በአማርኛ ብንመልሰው «ክፉ ያልሆነ፣ በአቀማመጥ ለውጥ ድንገት የሚነሣ ማዞር» እንደ ማለት ነው። ከውስጠኛው ጆሮ ከሚነሡት የማዞር ዓይነቶች ሁሉ እጅግ የተለመደው ይኸው ነው። «ክፉ ያልሆነ» የሚለውን ቃል ግን ያወጣው ሰው ራሱ አልጋ ላይ አልተገለበጠበትም ብለን እንጠረጥራለን።

ይህ ዕውቀት በአንድ ቀን አልተገኘም። (ዓመታቱን ሁሉ የምንጠቅሰው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።) እስከ 19ኛው ምዕተ ዓመት አጋማሽ ድረስ በፈረንሳይ አገር ክፉኛ የዞረበት ሰው ደም ወደ አንጎሉ ወጥቶበታል ይባልና ደሙን ይቀዱት ነበር። በፓሪስ መስማት የተሳናቸው ሰዎች ተቋም ሐኪም የነበረው ፕሮስፔር ሜኒዬር በ1861 ነገሩ ከአንጎል ሳይሆን ከውስጠኛው ጆሮ ሊነሣ እንደሚችል አስታወቀ። ቀጥሎም የቪየናው ሐኪም ሮበርት ባራኒ የሰዎችን ጆሮ በውሃ ሲያጥብ አንድ ነገር አስተዋለ፤ ውሃው ቀዝቃዛ ሲሆን ታጣቢው ይዞርበትና ዓይኑ ወደ አንድ ወገን ይዘላል፤ ውሃው ሲሞቅ ደግሞ ወደ ሌላው ወገን። የቦዩ ፈሳሽ እንደ ማንኛውም ውሃ ሲሞቅ ሽቅብ፣ ሲቀዘቅዝ ቁልቁል እንደሚሄድ ከዚህ ተረዳ። የ1914ቱ የኖቤል ሽልማት ለዚህ ሥራው ሲሰጠው እርሱ በጦር ሜዳ ተማርኮ በሩስያ እስር ላይ ነበረ፤ በ1916 በስዊድን ልዑል አማላጅነት ተለቀቀ። ከአልጋ ላይ መገላበጥ ጋራ የሚመጣውን ማዞር በ1921 ጽፎ ያስረዳው ይኸው ሰው ነው። በ1952 ደግሞ ማርጋሬት ዲክስና ቻርልስ ሆልፓይክ የተባሉ የለንደን ሐኪሞች በሽታውን በአልጋ ላይ በአንድ ደቂቃ ውስጥ የሚያጋልጠውን ምርመራ አሳወቁ።

በሽታው እንዲህ ታውቆ ሳለ ሕክምናው ገና አርባ ዓመት ፈጀ። ለእኛ ከታሪኩ ሁሉ የሚደንቀን ይህ ነው። በአሜሪካ አገር በኦሪገን ግዛት፣ በፖርትላንድ ከተማ ይኖር የነበረው የጆሮ ሐኪም ጆን ኤፕሊ ያሰበው ነገር እረኛ ሊያስበው የሚችል ነበር፤ ጠጠር በጠማማ ቦይ ውስጥ ከተንከባለለ ቦዩን ደረጃ በደረጃ እያዘነበሉ በመጣበት መንገድ መመለስ ይቻላል። ቦዩ የሚዘነበለው ራስን በማዘንበል ነው። መርፌ የለውም፣ ቢላዋም የለውም። ሐሳቡን በ1980 ዓ.ም. ለባልደረቦቹ ቢያሳይ ብዙዎቹ ተሳለቁበት፤ በሙሉ ጽሑፍ ታትሞ የወጣውም በ1992 ነው። በዚያው ዘመን በፈረንሳይ አለን ሴሞን የተባለ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ታማሚውን ከአንድ ጎን ወደ ሌላው ጎን በፍጥነት በማጋደም ጠጠሩን የሚያወጣበትን ሌላ መንገድ ከባልደረቦቹ ጋራ በ1988 አሳትሟል። ዛሬ በዓለም ዙሪያ የጆሮ ሐኪሞችም የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዎችም በእነዚሁ ይሠራሉ። ለረዥም ጊዜ የተናቁት ቀላል ስለ ነበሩ ይመስለናል፤ ብዙ ገንዘብ ያልተከፈለበት ሕክምና በድሃም በሀብታምም አገር አይከበርም።

ወደ ጓደኛችን እንመለስ። ወንድሙ ከመድረሱ በፊት የአንድ ሌላ ልጅ ዘመድ ወደ አንዲት የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ላከችው፤ እኛም ደግፈን ወሰድነው። ፊዚዮቴራፒ ሲባል የተሰበረ እግርና የታመመ ወገብ ብቻ ይታየን ስለነበረ በልባችን «ወጌሻ ለማዞር ምን ያደርጋል?» እያልን ነበር። ባለሙያዋ ገና ወጣት ናት። ምን ሆነህ ስትለው እንደ ልማዱ «አዞረኝ» አላት።

«ይህን ቃል ተወውና ንገረኝ» አለችው። «ክፍሉ ነው የሚዞረው ወይስ አንተ ነህ የምትዝለው?»

«ክፍሉ።»

«ስንት ጊዜ ይቆያል? ሰዓት ነው፣ ቀን ነው?»

«ኧረ ግማሽ ደቂቃ ቢሆን ነው። ለእኔ ግን ዓመት ነው።»

«ምን ስታደርግ ይነሣል?»

«በቀኜ ስተኛ። ቀና ስልም።»

«ጆሮህ ይደነቁራል? ይጮኻል? ራስህን ስተህ ታውቃለህ? ነገር ሁለት ሁለት ሆኖ ይታይሃል? በቅርቡ ራስህን ተመትተሃል?»

ለመጨረሻው ጥያቄ ብቻ አዎን አለ። በሦስት ሳምንት ውስጥ ይህን የጠየቀው ሰው እርስዋ የመጀመሪያዋ ነበረች።

ከዚያ አልጋው ላይ እግሩን ዘርግቶ እንዲቀመጥ አድርጋ፣ ፊቱን በግማሽ ማዕዘን፣ ማለት በ45 ዲግሪ፣ ወደ ቀኝ አዞረችና «ዓይንህን እንዳትጨፍን፤ እኔን እይ» ብላ በፍጥነት አጋደመችው፤ ራሱ ከአልጋው ጫፍ ትንሽ ቁልቁል ወረደ። ጥቂት ሰከንድ ምንም የለም። ቀጥሎ ልጁ ክንዷን ጨበጠ። እኛም አጎንብሰን አየን። የዓይኑ ብሌን እየተጠማዘዘና ወደ ላይ እየዘለለ፣ በማንም ሰው ፈቃድ ሊደረግ በማይችል ሁኔታ ይርገበገባል። ሦስት ሳምንት ሙሉ «ያስመስላል» እያሉ በሹክሹክታ ሲያሙት የነበሩ ነበሩ። ዓይኑን ያየ ሰው ከዚያ በኋላ ሊያማው አይችልም።

እርስዋ ግን ደስ አላት። «ተገኘ! የቀኝ ጆሮ ነው» አለች። መርገብገቡ እስኪያቆም ጠብቃ ጥቂት አቆየችው። ቀጥላም ራሱን ሳታነሣ ወደ ግራ 90 ዲግሪ አዞረችና አንድ ደቂቃ ያህል ጠበቀች። ከዚያ መላ ሰውነቱን በግራ ጎኑ አስተኝታ ፊቱ ወደ ወለሉ እንዲያይ አደረገች፤ እንደገና ጠበቀች። በመጨረሻ አገጩን ወደ ደረቱ እንዳዘነበለ ቀስ ብላ አስነሣችው። ያ ነው ሕክምናው። ከአምስት ደቂቃ አልበለጠም። ጥቂት አሳርፋው እንደገና በቀኙ አጋደመችው፤ ዓይኑ ዝም አለ። ልጁም ዝም ብሎ ጣራውን ሲያይ ቆየና «ቆሟል» አለ። ጣራውን ማለቱ ነው።

ቀድሞ ከዚህ ሕክምና በኋላ ሁለት ሌሊት ተቀምጠህ እደር ይባል ነበር፤ ኋላ ግን ይህ አስፈላጊ አለመሆኑ ታውቋል። እርስዋም እንዳሻህ ተኛ ብላ ሰደደችው። ሳምንት ያህል ሲራመድ ትንሽ እንደ መንሳፈፍ ይለው ነበር፤ ይህም የተለመደ ነው አሉን። ፈተናውን ተቀመጠ። ጠጠሩ ዳግመኛ ሊላቀቅ እንደሚችል፣ በብዙ ሰውም ከወራት ወይም ከዓመታት በኋላ ተመልሶ እንደሚመጣ ነግራዋለች፤ ስለዚህ ነገሩን ሲያውቀው ሳይፈራ ይመለስ።

አንባቢ ሆይ፣ ይህን አንብበህ የጓደኛህን አንገት ለመያዝ እንዳትነሣ። በእጅ ስልክ ላይ ይህን የሚያሳይ ሥዕል ሞልቷል፤ ነገር ግን የቀኙ ጆሮ ሕመም በግራው እንቅስቃሴ አይድንም፤ ጠጠሩ ወደ ሌላ ቦይ ሊገባም ይችላል፤ አንገቱ የታመመ ሰው ደግሞ ሌላ ጥንቃቄ ይሻል። መጀመሪያ የሚያውቅ ሰው ይየው። ከዚያ በኋላ ቤት ውስጥ እንዴት እንደሚደረግ ራሱ ባለሙያው ያስተምራል።

ጠጠር የሌለበትም አለ። አንዲት አክስታችን ከጉንፋን በኋላ አንድ ጠዋት ስትነሣ ዓለም ዞረባት፤ ይህኛው በግማሽ ደቂቃ አላቆመም፤ ሌሊትና ቀን ሳይል ቀናት ቆየ፣ አስመለሳት። የአንዱ ጆሮ የሚዛን ነርቭ ሲቆጣ እንዲህ ይሆናል። ከሳምንት በኋላ ሽክርክሩ ቢያቆምም መንገዳገዱ አልተዋትም። ሰው ሁሉ «እትዬ፣ ተኚ፤ አትነሺ» ይላታል፤ ልጆቿ ውሃ እንኳ አያስቀዷትም። ለስግደት አትጎነበስም፣ ምጣድ ፊት አትቀመጥም። ፍቅር ነው፤ ነገር ግን ወራት አስተኛት።

በዚህ ዓይነቱ ማዞር ላይ የተጎዳው ጆሮ ሁልጊዜ ሙሉ በሙሉ ላይድን ይችላል። የሚድነው አንጎል ነው፤ አንዱ ጆሮ እንደ ቀድሞው እንደማይናገር ተቀብሎ ሒሳቡን እንደገና ያሰላል። ለማስላት ግን ስሕተቱ ሊደርሰው ይገባል። ራስ ካልተንቀሳቀሰ ስሕተት የለም፤ ስሕተት ከሌለ እርማት የለም። ከመጀመሪያዎቹ ጥቂት ቀናት በኋላ የማዞር ኪኒን አብዝቶ መውሰድም መምህሩን አፉን እንደ መያዝ ነው። ስለዚህ መድኃኒቱ ታማሚው የሚፈራው ያው እንቅስቃሴ ነው፤ በልክ፣ በሥርዓት፣ በየቀኑ። አክስታችን የታዘዘላት እንዲህ ነበረ፤ አንድ ፊደል በወረቀት ላይ ጎላ አድርጎ ጽፎ ግድግዳ ላይ መለጠፍ፤ ዓይንን ከፊደሉ ሳይነቅሉ ራስን ወደ ግራና ወደ ቀኝ ማወዛወዝ፤ ፊደሉ መደብዘዝ ሲጀምር ፍጥነቱን ቀነስ ማድረግ፤ አንድ ደቂቃ ሠርቶ ማረፍ፣ በቀን ብዙ ጊዜ መድገም። እርስዋ የመረጠችው ፊደል «መ» ነበረች፤ ለማርያም ነው አለች። ቀጥሎ እግር ገጥሞ መቆም፣ ከዚያ አንዱን እግር ከሌላው ፊት አድርጎ፣ ከዚያም ዓይን ጨፍኖ፤ ከኋላ ግድግዳ፣ ከፊት ወንበር ሆኖ። ትንሽ ማዞሩ ይጠበቃል፤ ጥቂት ቆይቶ ካልተወ ግን መጠኑ በዝቷል ማለት ነው። በሁለት ወር ውስጥ ምጣዷ ፊት ተመለሰች።

ይህም ቢሆን አዲስ ግኝት አይደለም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን በእንግሊዝ አገር ካውቶርንና ኩክሲ የተባሉ ሐኪሞች ራሳቸውን የተመቱና የውስጥ ጆሯቸው የተጎዳ ሰዎችን በአልጋ ላይ ከማኖር ይልቅ በቡድን ያለማምዷቸው ነበር። መጀመሪያ ዓይን ብቻ ወደ ላይና ወደ ታች፤ ከዚያ ራስ፤ ከዚያ ጎንበስ ብሎ ከመሬት ዕቃ ማንሣት፤ ኳስ ከእጅ ወደ እጅ ከዓይን በላይ መወርወር፤ ደረጃ መውጣትና መውረድ፤ በመጨረሻም ጨዋታ። የተንገዳገዱ ሰዎች እርስ በርሳቸው ኳስ ሲወራወሩ ማሰብ ያስቃል፤ የዳኑትም እንዲህ ነው።

ሁሉም ማዞር በእጅ አይድንም። ከአልጋ ሲነሡ ዓይን የሚያጨልመው የደም ግፊት መውረድ፣ ደም ማነስ፣ የስኳር ጉዳይ፣ በጾም ላይ ውሃ ማነስ ሌላ መንገድ አላቸው። ከማዞሩ ጋራ አነጋገር ከተንተባተበ፣ ፊት ወይም አንድ ጎን ከዛለ፣ ነገር ሁለት ሆኖ ከታየ፣ ያልተለመደ ብርቱ የራስ ምታት ከመጣ፣ ጆሮ በድንገት ከደነቆረ ወይም ጨርሶ መቆም ካልተቻለ፣ የሚሄዱት ወደ ድንገተኛ ክፍል ነው፤ ያንኑ ሰዓት። ይህ ምናልባት የአንጎል የደም ሥር ጉዳት ሊሆን ይችላልና ለነገ አይባልም።

በአገራችን የፊዚዮቴራፒ ትምህርት በዩኒቨርሲቲ ደረጃ ይሰጣል፤ ለምሳሌ በጎንደር። ነገር ግን ማዞር ያለበት ሰው ወደዚያ በር የሚያንኳኳው በአጋጣሚ ነው፤ ጓደኛችን በአንድ ልጅ ዘመድ፣ አክስታችን በጎረቤት ወሬ ነው የደረሱት። የሚያስፈልገው መሣሪያ አንድ አልጋና ሁለት የለመዱ እጆች ሆኖ ሳለ፣ ለድሃ አገር ከዚህ የሚስማማ ሕክምና ከየት ይመጣል? ትልቁን ማሽን እስኪገዛልን ብንጠብቅ ይገባ ይሆናል፤ አልጋ ግን ቀድሞውንም አለን።

ስለዚህ ለተማሪዎች ማኅበር አንድ ጥያቄ እናቀርባለን። ከሕክምና ፋኩልቲ ወይም ከፊዚዮቴራፒ ክፍል አንድ የሚያውቅ ሰው ተጋብዞ፣ በአንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በአዳራሹ ይህን ምርመራና ሕክምና በሁላችንም ፊት ያሳየን፤ በተለይ የግቢው ክሊኒክ ሠራተኞችና የእግር ኳስ ቡድኑ ይገኙ። ፍራሹን ከመኝታ ክፍላችን እኛ ተሸክመን እናመጣለን።